ጭንብሉ የሚወልቀው መጨረሻ ላይ ነው፦ የእሳት አደጋ መከላከያ ልብስ አለባበስ፣ አጠቃቀምና አወላለቅ

ነበልባሉ ከወደቀ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አስቧት። ቆርቆሮው ተጨማዶ ወርዷል፤ ቱቦው ላላ ብሏል፤ ከዕቃው ክምር ሥር ነጭ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል። ተመልካቹ «ጠፋ! ጠፋ!» ይላል። በዚህ መሐል አንዱ ባልደረባ ሄልሜቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ጭንብሉን ያወልቅና ላቡን በጓንቱ ጀርባ ይጠርጋል። ሙቀቱ በርዷል፣ ጭሱ ሳስቷል፣ ጀርባው ላይ ያለው ሲሊንደርም ከብዶታል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ተው ያለኝም አልነበረም። በዚያች አንዲት ቅጽበት ግን ሁለት ነገር ይፈጸማል፦ ከፍሙ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ሳንባው ይስባል፣ ጓንቱ ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻም በላብ የራሰ ፊቱ ላይ ይቀባል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ተከላካይነትን ሥራ፣ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሲጋራና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ 1 ማለት ነው። በቂ ማስረጃ የተገኘባቸው የሽንት ፊኛ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ ናቸው። ልብሳችን ከነበልባል ብቻ የሚያስጥል መስሎን ኖረናል፤ ከጥቀርሻና ከጋዝም ሊያስጥለን ይገባል። ለዚህም ነው ከዚህ በታች ከአለባበሱ ይልቅ ስለ አወላለቁ የበዛ የምጽፈው።

መመሪያው ለከተማ እሳት አደጋ ሠራተኞችም፣ በፋብሪካና በሆቴል ለተቋቋሙ የእሳት መከላከል ቡድኖችም ይሆናል። የያዛችሁት ዕቃ ከአምራቹ የራሱ መመሪያ ጋር ከመጣ፣ ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ የአምራቹን ተከተሉ።

ልብሱ ምን ያህል ይችላል?

ኮቱና ሱሪው ሦስት ድርብ ናቸው። ላይኛው እንደ አራሚድ ካለ በቀላሉ ከማይቀጣጠል ክር የተሸመነ ሲሆን ነበልባሉን፣ ሚስማሩንና ስባሪውን ይመክታል። መካከለኛው ስስ ገለፈት የውጭውን ውኃ አግዶ የላብን እንፋሎት ያሳልፋል። ወደ ገላ የቀረበው ሦስተኛው የሙቀት መከላከያ ነው። ሙቀቱን የሚያግደው ደግሞ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ የታሰረው አየር ነው።

ይህን አየር አትርሱት፤ ኋላ የሚመጣው ብዙው ምክር ከእሱ ይነሳል። ኮቱ ሲጠብ አየሩ ይወጣል። የሲሊንደሩ ማንጠልጠያ ትከሻን ሲጫን፣ ጉልበት ወለል ላይ ሲንበረከክ፣ እዚያ ቦታ ላይ አየር የለም። ልብሱ ከውስጥ ሲረጥብ ደግሞ የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስደዋል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ነበልባል ሳይነካው ትከሻው ወይም ጉልበቱ ተልጦ የሚወጣ ሰው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) መለኪያ፣ ቀድሞ ኤንኤፍፒኤ 1971 የሚባለውና አሁን በኤንኤፍፒኤ 1970 ውስጥ የተጠቃለለው፣ ሦስቱ ድርብ አንድ ላይ ሆነው አንድ ክፍል በሙሉ ባንዴ ሲቀጣጠል የሚኖረው ዓይነት ሙቀት ቢያገኛቸው፣ ከሥር ያለው ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስበት ቢያንስ 17.5 ሰከንድ እንዲያቆዩ ይጠይቃል። አሥራ ሰባት ሰከንድ ተኩል፤ ያውም ልብሱ አዲስና ደረቅ ሆኖ። ይህ ጊዜ ሮጦ ለመውጫ የተሰጠ ነው፤ ቆሞ እሳት ለመግጠም አይበቃም።

ተረኛ ስትገቡ የሚደረግ ፍተሻ

መጀመሪያ ከኮቱ ውስጥ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። የተሠራበት ቀን ካለፈ 10 ዓመት የሞላው ልብስ፣ ጨርሶ ያልተለበሰ እንኳ ቢሆን፣ በአሜሪካው የአያያዝ ደንብ ከእሳት ሥራ ይወጣል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ወደ አገራችን ከሚገባው ልብስ ከፊሉ ያገለገለና በስጦታ የሚመጣ ስለሆነ ነው። ሰጪውን አመስግኑት፤ ምልክቱን ግን ሳታነቡ አትልበሱት። ጊዜው ያለፈበት ልብስ ለልምምድ ይሁን፣ ያውም እሳት ለሌለበት ልምምድ።

ቀጥሎ የውስጡን ድርብ ከላይኛው ለዩት። በጨለማ ክፍል ውስጥ ደማቅ ባትሪ ከኋላው አብሩበት፤ ብርሃኑ በአንድ ቦታ ይበልጥ ደምቆ ከታየ እዚያ ላይ የሙቀት መከላከያው ሳስቷል ወይም ሸሽቷል። ገለፈቱን ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ያዙና አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሱበት። 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ከሥር ዳብሱ፤ እጃችሁ ከረጠበ ገለፈቱ ተቀዷል። የተቀደደ ገለፈት ያለው ኮት የፈላ ውኃንና እንፋሎትን ወደ ገላ ያስገባል። ስፌቱን፣ ዚፑን፣ የሚያንጸባርቀውን ጥብጣብም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

አሁን ወደ መተንፈሻው። ብዙ ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል፤ ውስጡ ያለው ግን ተጨምቆ የገባ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን እሳት ውስጥ ይዞ መግባት ራሱ አደጋ ነውና አጠራሩን ማስተካከል ይጠቅማል። ባለ 300 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሊንደር ከ270 ባር በታች ከሆነ ለሥራ አትውሰዱት፣ እንደገና ይሞላ። ቫልቩን ከፍታችሁ ግፊቱን አንብቡ፣ ከዚያ ዝጉትና ለ1 ደቂቃ ጌጁን፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ ተመልከቱ። ከ10 ባር በላይ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ካላፈሰሰ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር በጣም ቀስ እያላችሁ አስወጡ፤ መርፌው 55 ባር አካባቢ ሲደርስ አየር እያለቀ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ፉጨት መጮኽ አለበት። ያልጮኸ መሣሪያ ወደ ጥገና ይሂድ።

ከሥር የሚለበሰው

የኳስ ማልያ ለብሳችሁ ተረኛ አትሁኑ። ማልያው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተርና ናይለን በሙቀት ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፣ ሐኪም ቤትም ከቆዳ ጋር ነው የሚነሡት። ካናቴራው፣ የውስጥ ሱሪው፣ ካልሲው ሁሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን። ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል ይውለቁ። የአንገት ማተብ የጥጥ ክር ከሆነ ግድ የለም፤ የብረት መስቀል ያለበት ከሆነ ግን ብረቱ ሙቀት ይዞ ደረትን ስለሚያቃጥል ለተረኝነቱ ሰዓት በጥጥ ክር ለውጡት።

ጺምስ? ጭንብሉ ፊት ላይ የሚያርፍበት መስመር ላይ ያለ ጸጉር፣ የሁለት ቀን ብቅታ እንኳ ቢሆን፣ ጭስ ማስገቢያ ቀዳዳ ይከፍታል። በሃይማኖትም ሆነ በምርጫ ጺሙን ለማይላጭ ሰው ፓምፕ ላይና ውኃ አቅርቦት ላይ ክቡር ሥራ አለ፤ ጭንብል የሚጠይቀውን ግን እሱ አይሥራ።

ደረጃ በደረጃ አለባበስ

ሱሪው ቦት ጫማው ውስጥ ተከቶ፣ ወደ ታች ተጠቅልሎ፣ መኪናው አጠገብ ተዘጋጅቶ ይደር። ጥሪ ሲመጣ ሁለቱንም እግር ባንዴ ከታችሁ ሱሪውን ስቡ፣ ማንጠልጠያውን ትከሻ ላይ ጣሉ፣ ወገቡን ዝጉ። ሁድ የሚባለውን ራስና አንገት የሚሸፍን የጨርቅ ቆብ አሁን አጥልቁትና አንገት ላይ አውርዱት፤ ኮት ከተለበሰ በኋላ ቢታሰብ አንገት ሥር አይገባም። ኮቱን ልበሱ፣ ዚፑን እስከ ላይ ሳቡ፣ መሸፈኛውን አጣብቁ፣ ኮሌታውን አቁሙ። እስከዚህ ድረስ የሰለጠነ ሰው በ1 ደቂቃ ይጨርሳል።

መተንፈሻውን ስታነግቱ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። በከፊል የተከፈተ ቫልቭ ግድግዳ ሲታከከው ሊዘጋ ይችላል። የትከሻውን ማሰሪያ ስባችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ የወገቡን ጠበቅ አድርጋችሁ ታጠቁ፣ ከዚያ የትከሻውን ትንሽ አላሉት። ክብደቱ ዳሌ ላይ ሲያርፍ ጀርባችሁ ያርፋል፣ ትከሻችሁ ላይ ያለው የልብስ አየርም ይተርፋል።

ጭንብሉን ከአገጭ ጀምሩ። አገጫችሁን አስገብታችሁ ማሰሪያውን በራሳችሁ ላይ አሳልፉ፣ ታችኞቹን ሁለት ጥብጣቦች እኩል ወደ ኋላ ሳቡ፣ ከዚያ የጆሮ ግንዶቹን። ወደ ጎን መሳብ ጭንብሉን ያጣምመዋል። የአየር መግቢያውን በመዳፋችሁ ዘግታችሁ ወደ ውስጥ ተንፍሱና 10 ሰከንድ ያህል ያዙ፤ ጭንብሉ ፊታችሁ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ጥሩ፣ ከላላ አውልቁና እንደገና። አሁን ሁዱን ከአንገት አንሥታችሁ በጭንብሉ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን አልብሱት። ከጭንብሉ ሥር ከገባ ግን አየር ያስገባል፣ ስለዚህ ከላዩ ይሁን። ሄልሜት፣ የአገጭ ማሰሪያ፣ መጨረሻ ላይ ጓንት።

አንዳንድ ነባር ሠራተኞች ጆሯቸውን ከሁድ ውጭ ይተዋሉ፤ «ሙቀቱን የምለካው በጆሮዬ ነው» ይላሉ። እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ፣ ብዙ አስተምረውኛል፣ በዚህ ግን አልስማማም። ጆሮ ሙቀት በሚሰማው ጊዜ ራሱ መጎዳት ጀምሯል።

ከመግባታችሁ በፊት ጓደኛችሁ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ በእጁ ይዳብሳችሁ፦ ኮሌታ፣ የአንገት ዙሪያ፣ የእጅጌና የጓንት መገናኛ፣ ቫልቭ። ዐይን የሚያመልጠውን ጣት ያገኘዋል። የሁለታችሁም ግፊት በር ላይ ለቀረው ሰው ይነገር፣ ሰዓቱም ይጻፍ።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

ባለ 6.8 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር ሲሞላ በወረቀት ላይ 2,040 ሊትር አየር ይይዛል። ቱቦ እየጎተተ ደረጃ የሚወጣ ሰው በደቂቃ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ይስባል። ፉጨቱ እስኪጮኽ ያለው ሲሰላ 28 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ከዚህም ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በፉጨቱ ላይ አትደገፉ። የጀርመን እሳት አደጋ ደንብ ለመመለሻ፣ ለመግቢያ የወጣውን አየር እጥፍ አስቀሩ ይላል፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። በር ላይ 290 ባር ኖሯችሁ እሳቱ ዘንድ ስትደርሱ 230 ከሆነ፣ 60 ወጥቷል፤ እንግዲያው ጌጁ 120 ሲል ፊታችሁን ወደ መውጫው አዙሩ። ከሁለታችሁ የአንዱ አየር ሲያንስ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። የትኛውንም ሰው ብቻውን አትላኩ፣ ብቻውንም አትተዉ።

ዝቅ በሉ። የጭንብሉ መስተዋት የተሠራበት ፕላስቲክ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። መስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው ውጡ። ውኃውንም አስባችሁ ርጩ፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ማምለጫ ያጣ እንፋሎትም ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። የጋለው ኮት ገላችሁ ላይ ሲቆጠቁጥ በእጅ አትጫኑት፣ አትደገፉበትም። ልብሱን ከቆዳ ለይታችሁ ውጡ።

መንገድ የጠፋበት ሰው የመጨረሻ ጉልበቱ እስኪያልቅ አይጠብቅ። ማን እንደሆነ፣ ከየት በኩል እንደገባ፣ ምን ያህል አየር እንደቀረው በሬዲዮ ይናገር፣ የማንቂያ ቁልፉን ይጫን፣ ግድግዳ ይዞ ይቆይ። ማንቂያው ለ30 ሰከንድ ያህል ካልተንቀሳቀሳችሁ በራሱ ይጮኻል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩን ስታነግቱ መብራቱ መብራቱን አረጋግጡ።

ፍም ሲፈተሽ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ያየ ሰው፣ የጨርቅና የፕላስቲክ ሸቀጥ በጠባብ መንገድ ላይ ተደርድሮ ሲነድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እንዲህ ያለ ክምር ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። እስሩን እየገለበጡ ማጥፋት ረጅም ሥራ ነው፣ እጅግ ቆሻሻውም ሥራ ይህ ነው። ስፖንጅ፣ ሱፍና ናይለን አየር አጥሯቸው ሲጨሱ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) በጋዝ መልክ፣ ሌሎች ካንሰር አምጪ ውህዶችም ጥቀርሻው ላይ ተሳፍረው ይነሣሉ።

«የጋዝ መለኪያው ዜሮ ነው ይላል፤ እናውልቅ» የሚል አለቃ ያጋጥማችኋል። መለኪያው የተሠራለትን ጋዝ ብቻ ነው የሚያየው። ሞኖክሳይድ ወርዶ ጥቀርሻና ቤንዚን አየር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማስክም ለጋዝ ምንም አያደርግም። ጭስ እስካለ፣ የሚገለበጥ ዕቃ እስካለ ድረስ ጭንብሉ ፊት ላይ ይቆይ።

ሲሊንደር ያጥራል፣ አውቃለሁ። ያኔ ሥራውን ለውጡ እንጂ ጭንብሉን አታውልቁ። መስኮትና ጣሪያ ከፍታችሁ ጭሱ ይውጣ፤ እስሩን በመንጠቆ ወደ ውጭ ጎትታችሁ ሜዳ ላይ አርጥቡት፤ የቀረውን ከሩቅ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ርጩት። ያላችሁን ሲሊንደር ውስጥ መግባት ግድ ለሆነባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ መድቡና በየተራ ተቀያየሩ። ፓምፕ ላይ የቆመውንና መሬት ላይ ቆሞ የሚያዝዘውንም አትርሱ፤ ጭሱ ወደ እነሱ ከዞረ መኪናው ይንቀሳቀስ።

አወላለቅ

ከሕንፃው ስትወጡ ከሲሊንደሩ እየተነፈሳችሁ፣ ጭንብሉ ፊታችሁ ላይ ሳለ፣ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ቦታ ሂዱ። ቦታው ከጭሱ ራቅ ብሎ ይዘጋጅ፤ አንድ ባልዲ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽና ቀጭን ቱቦ ይበቃል። የሚያጥበው ሰው የፕላስቲክ ጓንትና ማስክ ያድርግ። መጀመሪያ በውኃ ያለቅልቃችሁ፣ ከዚያ በሳሙናና በብሩሽ ከሄልሜቱ ወደ ታች ይቦርሽ፣ በተለይ የእጅጌ ጫፍን፣ ብብትንና የሲሊንደሩን ማሰሪያ፣ በመጨረሻም ያለቅልቅ። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት በዚህ መንገድ ከልብሱ ላይ ካለው ካንሰር አምጪ የጥቀርሻ ውህድ 85 በመቶ ያህሉ እዚያው ቀርቷል። በአንድ ባልዲ ሳሙና ይህን ያህል የሚገኝበት ሌላ የሥራችን ክፍል አላውቅም።

ከታጠባችሁ በኋላ ወፍራሙን የሥራ ጓንት አውልቃችሁ የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ ሄልሜት፣ ሁድ፣ ጭንብልና ሲሊንደር፣ ኮት፣ ሱሪ። ሁዱን ውጩ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ላጡት፤ ጥቀርሻው ፊት ላይ እንዳይራገፍ። ወዲያው ፊትን፣ አንገትን፣ ጆሮ ኋላንና እጅን በእርጥብ ሶፍት ጥረጉ። በዚያው ጥናት አንገት ላይ የነበረው ውህድ በመጥረግ ብቻ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ውኃም ሆነ ዳቦ ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ተቀመጡ። ሙሉ ልብሱ ከነሲሊንደሩ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ሰውነታችሁም ውስጡ ተቀቅሏል። ሁለተኛ ሲሊንደር የጨረሰ ሰው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከር። በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙውን የሚገድለው ልብ ነው፤ ስለዚህ ደረቱን የጨነቀው፣ ያዞረው ወይም ላቡ የቆመበት ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው።

ልብሱ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ታስሮ በመኪናው ውጭ ሣጥን ይጫን። ማዳበሪያ ጆንያ አይሆንም፣ ሽታውንም ጋዙንም ያሳልፋል። ለብሳችሁት ጋቢና አትግቡ፣ በታክሲም ይዛችሁት አትሂዱ። ጣቢያ እንደደረሳችሁ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በተቻለ ከ1 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ። አባቱ ከሥራ ሲመጣ የሚያቅፈው ልጅ አንገቱ ላይ ያለውን ጥቀርሻ ይካፈላል።

የልብሱ እጥበት

በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ እሳት በኋላም፣ ልብሱ በደንብ ይታጠብ። ድርቦቹ ተለያይተው፣ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ፣ በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ክሩን ይበላዋል። ማለስለሻም አይጨመር። በከፍተኛ ግፊት የመኪና ማጠቢያ የሚያጥቡ አይቻለሁ፤ ስፌቱንና ገለፈቱን ይቀድዳል። ማሽን ከሌለ ለዚህ ሥራ ብቻ በተለየ ገንዳ፣ ጓንት አድርጎ በእጅ ይታጠብ፤ ቤት ውስጥ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ግን በፍጹም። ሲሰጣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሁን፤ ፀሐይ አራሚዱን ያደክመዋል። ልብሱ ሳይደርቅ ጥሪ ከመጣ ተለዋጭ ልበሱ፤ ተለዋጭ ከሌለ ወደ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ልብስ ያለው ይሁን።

ስትጨርሱ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ደብተር አንድ መስመር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን እንደነደደ፣ ስንት ደቂቃ ውስጥ እንደቆየ፣ ጭንብል አድርጎ ነበር ወይስ አልነበረም። ካንሰር ከ20 ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሐኪሙ ሲጠይቅ ወይም የካሣ ጉዳይ ሲነሣ ማስረጃው ያ ደብተር ነው። የጣቢያው መዝገብ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ቅጂ ቤት አስቀምጡ።